መጠለያው ሞልቷል፤ የት እንደር?

በኦክቶበር ወር ለአንድ የቅዳሜ ሌሊት በግሬት ስሞኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መጠለያ ለመያዝ የሞከረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ ሞልቷል። ቅጠሉ ቢጫና ቀይ የሚሆንበት ወቅት ስለሆነ ከአትላንታ፣ ከኖክስቪልና ከሻርለት የሚነሳው ሁሉ በዚያው ሳምንት ይነሳል። አይስዋተር ስፕሪንግ ሞልቷል። ማውንት ለኮንት ሞልቷል። ስፔንስ ፊልድ ሞልቷል። ባለፈው መኸር ከማኅበራችን አራት ሆነን ለአንድ ሌሊት ለመውጣት ስናስብ የጠበቀን ይኸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ መጠለያው ሲሞላ ምን ማድረግ እንደሚቻልና ምን ማድረግ እንደማይገባ እዚህ ላይ በዝርዝር ልጻፈው። የነርሲንግ ተማሪ ስለሆንኩ ስለ ብርድ ትንሽ አብዝቼ ብናገር ታገሡኝ።

መጀመሪያ ስለ መጠለያው ራሱ። ሆቴል አይደለም፤ በርና መስኮት ያለው ቤትም አይደለም። ጣራ አለው፣ በሦስት ጎኑ ግድግዳ አለው፣ ፊቱ ግን ብዙውን ጊዜ ክፍት ነው። ውስጡ እንደ አገር ቤት መደብ ያለ ሰፊ የእንጨት መኝታ ተዘርግቶበታል፤ የማይተዋወቁ ሰዎች እዚያ ላይ ጎን ለጎን ይተኛሉ። አይስዋተር ስፕሪንግም ማውንት ለኮንትም የሚይዙት 12 ሰው ነው። ከጆርጂያ እስከ ሜይን 2,190 ማይል ያህል የሚሄደው የአፓላቺያን ትሬይል በፓርኩ ውስጥ 70 ማይል ገደማ በቴነሲና በሰሜን ካሮላይና ድንበር ላይ፣ በተራሮቹ ጀርባ ይጓዛል፤ አብዛኞቹ መጠለያዎች ያሉት በዚህ መስመር ላይ ነው።

በጆርጂያ በኩል በዚሁ ትሬይል ላይ ያሉት መጠለያዎች ቀድሞ ለደረሰ ናቸው። ስሞኪ ግን ሌላ ነው። እዚያ በጫካው ውስጥ የትም ብታድሩ፣ በመጠለያም ሆነ በድንኳን ቦታ፣ ለእያንዳንዱ ሌሊት ቦታውን ጠርቶ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። ፈቃዱ የሚወጣው ከጉዞው በፊት ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ነው። ዋጋው በሰው በሌሊት 8 ዶላር ሲሆን ለአንድ ሰው ከ40 ዶላር አይበልጥም። በአንድ መጠለያ ሁለት ሌሊት በተከታታይ ማደር አይፈቀድም።

«ሄደን እንጠይቃቸው»

ከአራታችን አንዱ አገር ቤት ተወልዶ በአሥራ አምስት ዓመቱ የመጣ ልጅ ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ «እንሂድና እንጠይቃቸው፤ ሰው ናቸው፣ በዝናብ አያስወጡንም።» ሌሎቹ ሁለቱም ግማሽ ልባቸው ከእሱ ጋር ነበር። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አያቴ ስለ ድሮ መንገድ ስታወራ፣ መንገደኛ ሲመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይል እንደነበር ትነግረኛለች። ባለቤቱም እግሩን አጥቦ፣ ያለውን አቅርቦ፣ መደቡን ለቆለት ያሳድረዋል። ብዙዎቻችን ይህን ወግ ስንሰማ ነው ያደግነው፤ እዚህ አገር የተወለድነውም ጭምር። እንግዳ መመለስ ነውር ነው።

ግን እስቲ ወጉን ቀረብ ብለን እንየው። ቤቱ ባለቤት አለው። ባለቤቱ የሚሰጠው የራሱን ነው። ተራራው ላይ ባለው መጠለያ ግን ባለቤት ሆኖ የሚያስተናግድ የለም፤ 12ቱም እንደ እኛው እንግዶች ናቸው፣ ሦስት ሳምንት ቀድመው ያሰቡበት ብቻ ነው ልዩነታቸው። አራት ሰው ሲጨመርባቸው የሚጎዳው አራት ሰዓት የወጣ፣ እግሩ የቆሰለ፣ ነገ ረጅም መንገድ የሚጠብቀው ሰው ነው። ሌላም አለ። የድሮው መንገደኛ በእውነት መሽቶበታል። ጠዋት ከአትላንታ ሲነሳ መሙላቱን በስልኩ አይቶ የመጣ ሰው ግን መሽቶበት ሳይሆን ራሱ አምሽቶ ነው የመጣው።

በእርግጥ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ወይም ሰው ሲጎዳ ሕይወት ከፈቃድ ይቀድማል፤ ያገኛችሁት ጣራ ስር ግቡ፣ ለሬንጀሩ በኋላ ታስረዳላችሁ። ከቤት ሲወጡ የታሰበ «ድንገተኛ አደጋ» ግን ሌላ ነገር ነው። ያለ ድንኳን ሄዳችሁ ቦታ ብታጡ ምን እንደሚሆን ቁጠሩት። አይስዋተር ስፕሪንግ 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፤ መኪና ካለበት ከኒውፋውንድ ጋፕ በእግር 3 ማይል ያህል ይርቃል። በኦክቶበር አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ግድም ነው (በሀበሻ አቆጣጠር ማለቴ ነው፤ ስልካችሁ ላይ 7 ይላል። እናቴና እኔ በዚህ ስንት ቀጠሮ እንዳበላሸን!)። እንግዲህ የደከመ ሰው፣ ላብ ያረጠበው ልብስ ለብሶ፣ ድንጋይና ሥር በበዛበት መንገድ በጨለማ ይመለሳል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በአፓላቺያን መስመር ላይ ስትሄዱ ከመጠለያው አጠገብ ድንኳን ተተክሎ ልታዩ ትችላላችሁ። «ይኸው ይቻላል» ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። እነዚያ ረጅሙን ትሬይል በሙሉ ወይም በከፊል የሚጓዙ ሰዎች ናቸው። ጉዟቸው ከፓርኩ ቢያንስ 50 ማይል ርቆ የሚጀምር፣ 50 ማይል ርቆም የሚያበቃ ስለሆነ ፈቃዳቸው ልዩ ነው። መቼ የት እንደሚደርሱ መተንበይ ስለማይችሉ መጠለያው ሲሞላ ጎኑ ላይ ድንኳን እንዲተክሉ ተፈቅዶላቸዋል። ለአንድ ሌሊት ለመጣነው ለእኛ አልተፈቀደም። መሬቱ ያው፣ ድንኳኑ ያው፣ ፈቃዱ ግን የተለያየ ነው፤ ሬንጀር ቢያገኛችሁ መቀጮ አለው።

ከጫፍ ወደ ሸለቆ

አሁን ወደሚቻለው እንሂድ። መጠለያው ሞላ ማለት ፓርኩ ሞላ ማለት አይደለም። ስሞኪ ከ800 ስኩዌር ማይል በላይ ነው። መጠለያዎቹ ወደ 15 ናቸው፤ በቁጥር የሚጠሩ የድንኳን ቦታዎች ግን በርካታ አሥርቶች ናቸው። ሰው ሁሉ የሚጋፋው ለ15ቱ ነው፤ ምክንያቱም ከፍታ ላይ ናቸው፣ ፎቶውም እዚያ ነው። እኔ ደግሞ ለጀማሪ ከጫፉ ይልቅ ሸለቆው ይሻላል እላለሁ፤ መጠለያው ባይሞላ ኖሮም እንደዚያ እል ነበር።

ለምን? አየር ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል። ሸለቆ ውስጥ 10 ዲግሪ ከሆነ ጫፉ ላይ 3 ወይም 4 ሊሆን ይችላል፤ ነፋሱ ደግሞ ለብቻው ነው። ዝናቡም ይለያያል፤ በዝቅተኛው የፓርኩ ክፍል በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲዘንብ በአንዳንድ ጫፎች ላይ ከ2,100 ያልፋል።

የእኛ ሰው አንዱ ማታለያ ከፍታው ነው። የስሞኪ ከፍተኛ ጫፍ ኩዎሂ (እስከ 2024 ክሊንግማንስ ዶም ይባል የነበረው) 2,025 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከዚያ ከፍ ትላለች። «ታዲያ ይሄ ተራራ ነው?» ብሎ የሳቀብኝ አጎት አለኝ። ልክ ነው፤ በከፍታ ደረጃ ከመርካቶ በታች ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ስሞኪ ከዚያ በጣም ወደ ሰሜን ነው። በኦክቶበር መጨረሻ እዚያ ጫፍ ላይ በረዶ ቢወርድ የሚገርመው ሰው የለም።

እኛ የመረጥነው ዲፕ ክሪክን ነው፤ በሰሜን ካሮላይና በኩል፣ ከብራይሰን ሲቲ ከተማ አጠገብ የሚጀምር መንገድ ነው። በመጀመሪያው ማይል ውስጥ ቶም ብራንችና ኢንዲያን ክሪክ የሚባሉ ፏፏቴዎች አሉ፤ እስከዚያ ድረስ ቤተሰብ ከነልጁ ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያ ጸጥታ ነው። ወንዙን ይዛችሁ ወደ ላይ ስትሄዱ በየጥቂት ማይሉ የማደሪያ ቦታ ታገኛላችሁ። እኛ የያዝነው ቁጥር 57 ነው፤ ብራይሰን ፕሌስ ይባላል፣ ከመነሻው ወደ 6 ማይል ግድም ነው፣ ከፍታውም ከ1,000 ሜትር በታች። ለአራታችን 32 ዶላር ከፈልን። ለመኪናው የማቆሚያ መለያ ደግሞ የሳምንቱ 15 ዶላር ነው፤ ፓርኩ መግቢያ ባያስከፍልም ከ2023 ጀምሮ ከ15 ደቂቃ በላይ ለሚቆም መኪና ይህን ይጠይቃል። በአንድ መኪና ከሄዳችሁ ጠቅላላ ወጪው ከአንድ የሬስቶራንት ምሳ አይበልጥም።

ቦታ ስትፈልጉ ሦስት ነገሮችን አንቀሳቅሱ፦ ሌሊቱን፣ ቦታውን፣ አቅጣጫውን። ከቅዳሜ ወደ እሑድ መሸጋገር ብቻ ብዙ ጊዜ በር ይከፍታል፤ ለዚህ ነው የኮሌጅ ዕረፍት ሀብት የሆነው። ሰውም ስለሚሰርዝ ገጹን ደጋግሞ ማየት አይጎዳም። አንድ ነገር ግን አታንቀሳቅሱ፤ ቡድኑን አትከፋፍሉ። አንድ መጠለያ ሁለት ሰው ብቻ የሚቀበልበት ቦታ ቢያሳያችሁ «ሁለታችሁ እዚህ፣ ሁለታችሁ እዚያ» ማለት ይመጣል። ስልክ በማይሠራበት ጫካ ውስጥ ሁለት ቡድን መሆን ማለት ሁለት ካርታ፣ ሁለት የመጀመሪያ ዕርዳታ ቦርሳ፣ ሁለት መንገድ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። እኛ ጋ መንገድ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ፓርኩ ጨርሶ እንቢ ካለ ብሔራዊ ደኖቹ አሉ። ፓርክና ብሔራዊ ደን አንድ አይደሉም፤ የሚያስተዳድራቸው መሥሪያ ቤትም ሕጋቸውም ይለያያል። በስሞኪ ዙሪያ ያሉት ናንታሃላ፣ ፒስጋና ቼሮኪ፣ ለአትላንታ ቅርብ የሆነው ደግሞ ቻታሁቺ፣ በአብዛኛው ክፍላቸው ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ ድንኳን መትከል ይቻላል። ቦታ የምትመርጡት እናንተው ናችሁ፤ ከውኃና ከመንገድ 60 ሜትር፣ በጎልማሳ እርምጃ ሰማንያ ያህል፣ ራቁ። ቀድሞ ሰው ያረፈበትን ጠንካራ መሬት ምረጡ እንጂ አዲስ ሣር አትርገጡ። ይህ ነፃነት ልዩ ደንብ ያለባቸውን ቦታዎች ግን አይሽርም። ለምሳሌ በጆርጂያ በብለድ ማውንቴን አካባቢ፣ ከጃራርድ ጋፕ እስከ ኒል ጋፕ፣ ከማርች 1 እስከ ጁን 1 ድረስ የሚያድር ሰው ምግቡን ድብ በማይከፍተው ጠንካራ ዕቃ ውስጥ መያዝ አለበት። የመንገድ መዘጋትንም በጉዞው ዋዜማ አጣሩ፤ በሴፕቴምበር 2024 ሄለን የተባለው አውሎ ነፋስ በዚህ አገር ያሉ መንገዶችንና ድልድዮችን ምን እንዳደረገ ያየ ሰው የአምናን ካርታ አያምንም።

ብርዱ

መጠለያ አጣን ማለት ጣራችንን በጀርባችን እንሸከማለን ማለት ነው። ድንኳን ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ብዙ ኮሌጆች የስፖርት ማዕከላቸው ውስጥ ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ በርካሽ ያከራያሉ። ለአራት ሰው አንድ ትልቅ ከመያዝ ሁለት ባለ ሁለት ሰው ድንኳን ይሻላል፤ ክብደቱ ይከፋፈላል፣ አንዱ ቢቀደድ አራታችሁም በአንዱ ተጨናንቃችሁ ታነጋላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ግቢያችሁ ውስጥ አንዴ ትከሉት። በጨለማና በዝናብ መመሪያ ማንበብ አይቻልም።

ሰው የሚያስበው ጣራ ካለ ብርድ የለም ብሎ ነው። በእውነቱ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀታችሁን የሚወስደው ከታች ያለው መሬት ነው። ገላ ከቀዝቃዛ ነገር ጋር በቀጥታ ሲነካካ ሙቀት ወደዚያ ይሄዳል፤ ስሊፒንግ ባጉ ደግሞ ከስራችሁ ሲጨፈለቅ አየር ስለማይዝ ከታች ብዙ አይከላከልም። ለዚህ ነው የመኝታ ምንጣፉ ከስሊፒንግ ባጉ እኩል የሚያስፈልገው። ገንዘብ ካጠራችሁ ከሌላው ቀንሱ እንጂ ከምንጣፉ አትቀንሱ።

ቀጥሎ ጥጥ። ይህን ስጽፍ አያቴ እንዳትቀየመኝ እንጂ፣ ጋቢ ለጉዞ አይሆንም። ቤት ውስጥ ጋቢን የሚያህል የለም፤ ድርብርቡ አየር ይይዛል፣ ይሞቃል። ሲረጥብ ግን ጥጥ ውኃውን ጠጥቶ ይይዘዋል፣ አየሩ ይወጣል፣ ቶሎ አይደርቅም፤ ከዚያ በኋላ የለበሰውን ሰው ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያሞቀውም። ጂንስና የጥጥ ሹራብም እንደዚሁ። ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ያዙ፤ አንድ ሙሉ ቅያሪም ለመኝታ ብቻ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ያ ቅያሪ ቀን ላይ አይነካም፣ ምንም ቢመጣ።

ይህ ነገር ከንባብ ያለፈብን ዲፕ ክሪክ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ቀስ ያለ ዝናብ ጀመረ፤ ብርዱ ከባድ አልነበረም፣ 8 ዲግሪ ግድም። ከመካከላችን አንዷ በላብ የራሰ የጥጥ ሹራብ ለብሳ ነበር። ቦታው ደርሰን ድንኳን ስንተክል ዝም አለች። እሷ ዝም የምትል ልጅ አይደለችም። «ደክሞኝ ነው» አለች፤ የጃኬቷን ዚፕ ግን ሦስት ጊዜ ሞክራ አልዘጋ አላት። አውራ ጣቷን ከትንሿ ጣቷ ጋር እንድታገናኝ ጠየቅኳት። ለመገናኘት ታገሉ። ትንቀጠቀጥ ነበር፣ ስጠይቃት ግን በትክክል ትመልሳለች።

የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ35 ሲወርድ ሃይፖተርሚያ ይባላል። ጫካ ውስጥ ቴርሞሜትር አያስፈልግም፤ ሰውየውን እዩት። ይደናቀፋል፣ ይንተባተባል፣ እጁ አልታዘዝ ይለዋል፣ ያለ ጠባዩ ይነጫነጫል ወይም ይዘጋል። መንቀጥቀጥ ሰውነት ገና እየታገለ መሆኑን ያሳያል። አስፈሪው ሰውየው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡ ሲቆም፣ ግራ ሲጋባ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው ነው፤ ያኔ የእኛ ሥራ በዝግታ መያዝ፣ ከብርድ መከለልና ዕርዳታ መጥራት ነው። ደግሞ በረዶ መኖር የለበትም። ዝናብ፣ ነፋስና 8 ዲግሪ ይበቃሉ፤ ሰው ግን 8 ዲግሪን ብርድ ብሎ ስለማይፈራው አይዘጋጅም።

ያደረግነው ውስብስብ አልነበረም። ድንኳን ውስጥ አስገባናት፣ እርጥቡን ሁሉ አወለቀች፣ ደረቁን ቅያሪ ለበሰች፣ ኮፍያ አደረገች፣ ምንጣፍ ላይ ሆና ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ገባች። በደንብ ነቅታ መዋጥ ስለምትችል ስኳር የበዛበት ሙቅ ሻይ ሰጠናት፤ ሰውነት ለመንቀጥቀጥ ነዳጅ ይፈልጋል። እጅና እግሯን እንዳናሽ የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ ማሸት ቆዳ ከመጉዳት በቀር ጥቅም የለውም። አልኮልማ ጨርሶ አይታሰብም፤ የቆዳ የደም ሥሮችን ከፍቶ የሙቀት ስሜት እየሰጠ ሙቀት ያስወጣል። ሠላሳ ደቂቃ ያህል ቆይታ «ሻዩ ሄል የለውም እንዴ?» ስትል ሁላችንም ተነፈስን። ያ «እንሂድና እንጠይቃቸው» ያለው ልጅ ምንም አላለም፤ ያለ ድንኳን 1,800 ሜትር ላይ ብንሆን ኖሮ እያሰበ እንደነበር ግን ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

ስንቅና ድብ

በምግብ በኩል እኛ ከሌላው ሰው ቀድመናል። በከረጢት የሚሸጠው የደረቀ የተራራ ምግብ ውድ ነው፤ የእኛ አያቶች ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ስንቅ ያውቃሉ። በሶ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፣ እሳት አይፈልግም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ አይበላሹም። ጭኮ ቅቤ ስላለው ትንሹ ብዙ ጉልበት ይሰጣል፤ ለሚጾም ሰው በሶውን በማርና በኑግ ወይም በኦቾሎኒ ማጠናከር ይቻላል። ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ነገር ብሉ፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ሌሊት ይበርደዋል።

የቅቤው ሽታ ግን ከእኛ ሌላ የሚወደው አለ። በስሞኪ ጥቁር ድብ በአንድ ስኩዌር ማይል ሁለት ያህል ይገመታል። በየማደሪያው ቦታ ቦርሳ ወደ ላይ የሚሰቀልበት የብረት ገመድ አለ፤ ምግብ ብቻ ሳይሆን የጥርስ ሳሙና፣ ቅባት፣ ቆሻሻ፣ ሽታ ያለው ሁሉ ይሰቀላል። ሚጥሚጣም ቢሆን። ድንኳን ውስጥ ቆሎ ይዞ መተኛት ለእናንተ ብቻ አይደለም አደጋው፤ የሰው ምግብ የለመደ ድብ ደጋግሞ ይመጣል፣ መጨረሻውም ብዙ ጊዜ መገደል ነው።

ውኃውን በአጭሩ፦ ወንዙ ንጹሕ ይመስላል፣ ጃርዲያ ግን አይታይም። ቢያንስ አንድ ደቂቃ አፍሉት። የኪስ ማጣሪያዎች ባክቴሪያና ጃርዲያ ይይዛሉ፣ አብዛኞቹ ግን ቫይረስ ያሳልፋሉ። እግረ መንገዴን ስለ ቫይረስ ካነሳሁ፣ ድንኳኑን የምወድበት አንድ ምክንያት ይኸው ነው። በመጠለያ ውስጥ 12 ሰው በአንድ መደብ ላይ ይተኛል፣ አይጥም ይመላለሳል፤ አንዱ ኖሮቫይረስ ይዞ ከመጣ ትውከትና ተቅማጡ ለሌላውም ይደርሳል። የአልኮል ጄል ኖሮቫይረስን በደንብ አይገድልም፤ ሳሙናና ውኃ ይሻላል፣ ያውም ከወንዙ ራቅ ብሎ። መጸዳጃ ከሌለ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍሮ መቅበር ነው፤ ከውኃ በ60 ሜትሩ ልክ ርቆ።

የቀረው ለቤተሰብ የሚተወው መልእክት ነው። በፓርኩ አብዛኛው ክፍል ስልክ አይሠራም፤ አይፎን 14ና ከዚያ ወዲህ የወጡት በሳተላይት የድንገተኛ ጥሪ መላክ ይችላሉ፣ ግን ሰማይ ይፈልጋሉ፣ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ስር ያስቸግራሉ። ስለዚህ የት እንዳላችሁ የሚያውቅ ሰው ከተማ ውስጥ ይኑር። «ተራራ ሄደናል» ማለት መልእክት አይደለም። እኔ ለእናቴ የላክሁት ይህን ነበር፦ «እማዬ፣ አራት ነን። መኪናው ዲፕ ክሪክ መነሻ ላይ ይቆማል፣ ታርጋውን ፎቶ ልኬልሻለሁ። የምናድረው ቁጥር 57 ነው፣ የፈቃዱም ቅጂ ይኸው። ነገ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እደውላለሁ። እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ካልደወልኩ 911 ደውለሽ ስሞኪ ፓርክ፣ ቁጥር 57 በያቸው።» መልሷ ወዲያው መጣ፦ «ሰዓቱ የእኛ ነው የእነሱ?»